በሁለት ቅብ መካከል፦ ወርቃማ ፀጉር እንዴት ይሰነብታል?



በደቡብ ስዊድን አንደርስሌቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የሚኖሩ አንዳንድ ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ሰዎች በአንድ ወቅት መስታወት ፊት ቆመው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ ፀጉራቸው አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የለም፤ ሻምፖ የቀየረም አልነበረም። ጥርጣሬው በመጠጥ ውሃው ላይ ወደቀ። ከከተማው የሚመጣው ውሃ ሲመረመር ግን እንከን አልተገኘበትም። ምሥጢሩን የፈታው ዮሃን ፔተርሾን የተባለ ተመራማሪ ነው። ችግሩ የታየው አዲስ በተሠሩ ቤቶች ነበር። ሙቅ ውሃ በመዳብ ቧንቧና በማሞቂያው ውስጥ ሲያድር መዳቡን እየሸረሸረ ይወስዳል፤ ጠዋት ሻወር የሚገባው ሰው ያደረውን መዳብ በራሱ ላይ ያፈሰዋል። ፔተርሾን ለዚህ ሥራው የ2012ን የኢግ ኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ ግን የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንደርስሌቭ ሰዎች የገጠማቸው ነገር ጎልቶ ስለታየ ዜና ሆነ እንጂ፣ ፀጉሩን ብሊች ያደረገ ሰው ሁሉ በትንሹም ቢሆን ይገጥመዋል። አንዲት ሴት ከፀጉር ቤት ስትወጣ እንደ ጉድ ያበራ የነበረ ፀጉር በሦስተኛው ሳምንት ይወይባል፣ በአምስተኛው ኦሬንጅ ይሆናል። የፀጉሩ ባለቤትም ቀለም ቀቢዋን ትወቅሳለች። ቀለም ቀቢዋ ጥፋተኛ የምትሆንበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ቤት ውስጥ ነው፤ በሻወሩ፣ በፒያስትራው፣ በፀሐዩ፣ አንዳንዴም ለፀጉሩ ይጠቅማል ተብሎ በሚገዛው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሻምፖ ላይ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ብሊች ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፀጉር ቀለም የሚመጣው ሜላኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን በሁለት ይከፈላል፤ ዩሜላኒን ጥቁርና ቡናማ ያደርጋል፣ ፊዮሜላኒን ደግሞ ቀላና ቢጫ። በተፈጥሮው ወርቃማ የሆነ ፀጉር ጥቁሩ ሜላኒን ያነሰበት ነው። ብሊች ይህንኑ በኬሚካል ያመጣል። ፐርሰልፌት ያለበት ዱቄት ከፔሮክሳይድ ጋር ይቀላቀላል፤ ድብልቁ የፀጉሩን ቅርፊት አሳብጦ ይገባና ሜላኒኑን ይሰባብራል። በፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ 20፣ 30፣ 40 የሚል ቁጥር ያለባቸው ጠርሙሶች 6፣ 9 እና 12 በመቶ ፔሮክሳይድ የያዙ ናቸው። ለብሊች እጅ የሚሰጠው ቀድሞ ጥቁሩ ሜላኒን ነው፤ ቀዩና ቢጫው እስከ መጨረሻው ይሟገታል። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በቀይ፣ በብርቱካናማና በቢጫ በኩል አልፎ ፈዛዛ ቢጫ ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈዛዛ ቢጫውን ወደ ዕንቁ፣ ወደ ቤዥ ወይም ወደ በረዶ ነጭ የሚያመጣው ቶነር ነው። ቶነር ቢጫውን የሚያጠፋ በጣም ስስ ቀለም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ታጥቦ ያልቃል። ታጥቦ ሲያልቅ ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይወጣል። «ቀለሙ ተበላሸብኝ» ከሚሉት ሴቶች ብዙዎቹ የሚያዩት አዲስ ብልሽት አይደለም፤ ቶነሩ ሸፍኖት የቆየውን የራሳቸውን ፀጉር ነው።

ብሊች ሜላኒኑን ብቻ ለይቶ አይመታም። የፀጉሩን ፕሮቲን አንድ ላይ አስረው የያዙትን የሰልፈር ትስስሮች ይበጥሳል። እያንዳንዱን ዘለላ ከላይ የሚሸፍነውንና ውሃ የሚገፋውን ስስ የስብ ሽፋንም አጥቦ ይወስዳል። ይህ ሽፋን አንዴ ከሄደ በዚያው ዘለላ ላይ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከራስ ቅል ውጭ ያለው ፀጉር ሕይወት የሌለው በመሆኑ ራሱን አይጠግንም። የቀረው ፀጉር ውሃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሻክራል፣ ውሃው የያዘውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። እንግዲህ በወርቃማ ፀጉር ላይ የተሠራው ሥራ ቀለም የማውጣት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ዋና ጥያቄም ባዶ በሆነው ቦታ ምን ይገባል የሚለው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፎበታል፤ አንዲት ሴት ፀጉሯን ቀለም ስትቀባና በጋለ ብረት ስታስጠቀልል ቆይታ መጨረሻ ላይ ረገፈባት። የቬኒስ ሴቶች ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከቤታቸው ጣራ ላይ በእንጨት የተሠራ ሰገነት ነበራቸው፤ አልታና ይባላል። እዚያ ላይ ፀሐይ በጠነከረ ሰዓት ይቀመጡና «ሶላና» የሚባለውን አናቱ የተቀደደ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ያደርጋሉ። ክፈፉ ፊታቸውን ያጠላል፤ በቀዳዳው የወጣውን ፀጉር ደግሞ በውህድ እያራሱ ለፀሐይ ይሰጡታል። የሠዓሊው የቲሺያን ዘመድ የሆነው ቼዛሬ ቬቼሊዮ በ1590 ባሳተመው የአልባሳት መጽሐፍ ይህንን በሥዕል አስቀርቶታል። ፔሮክሳይድን ሉዊ ዣክ ቴናር የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ያገኘው በ1818 ነው። ለፀጉር ማንጫ ሆኖ ለሕዝብ የታየው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1867 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሆሊውድ መጣ። ተዋናይቷ ጂን ሃርሎው በ1931 «ፕላቲነም ብሎንድ» በተሰኘው ፊልም ከታየች ወዲህ የፀጉሯ ቀለም ወረርሽኝ ሆነ። አስተዋዋቂዎቿ የእሷን ቀለም በትክክል ለሚያመጣ ፀጉር ሠሪ 10,000 ዶላር እንሰጣለን ብለው ነበር፤ የወሰደው የለም። ሃርሎው ፀጉሯ የተፈጥሮ ነው ትል ነበር። በፀጉሯ ላይ ይደረግ ነበር ተብሎ ከሚነገረው ድብልቅ ውስጥ ፔሮክሳይድ፣ አሞኒያና የልብስ በረኪና ይገኛሉ፤ ያውም በየሳምንቱ። በኋለኞቹ ፊልሞቿ ፀጉሯ ከመጎዳቱ የተነሳ ዊግ እስከማድረግ ደርሳለች። በ1937 በ26 ዓመቷ ስትሞት የፀጉር ቀለሙ ገደላት የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነው፤ የሞተችው በኩላሊት በሽታ ነው። ከእሷ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላው ነው፦ ብሊች በብሊች ላይ በየሳምንቱ የሚደርብ ሰው የሚያበራለት ፀጉር ሳይኖረው ይቀራል።

ወደ ውሃው እንመለስ፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለው እሱን ስለሆነ።

የለንደን ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛበታል። እስራኤል ውስጥም ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ እንዲሁ ከባድ ነው። ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የሻይ ማፍያውን ውስጥ ማየት ይበቃል። ታችኛው ክፍል ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ያው ነገር ፀጉር ላይም እየተቀመጠ ነው። ካልሲየም ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ ሻምፖውንም አረፋ እንዳያወጣ ያደርገዋል። ብረት ያለበት ውሃ ወደ ብርቱካናማ ይገፋል፤ መዳብ ያለበት ወደ አረንጓዴ። ኢትዮጵያ ውስጥ በጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ከግድብ ውሃ ተጠቃሚው የበለጠ ማዕድን እንደሚያገኘው መገመት ይችላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ይቆያልና። ውሃ ስትጠፋ በሮቶ ተጠራቅማ የምትቆየውም፣ የዛገ ቧንቧ አቋርጣ የምትመጣውም ወደ ፀጉሩ የምታደርሰው ነገር አላት። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍርሶ የመጣ ውሃ ማሳለፍ ዋጋ አያስወጣም።

ብዙ ጊዜ ስሙ በከንቱ የሚነሳው የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ፀጉር ያደርቃል፣ ቶነርንም ያፈዛል። አረንጓዴ የሚያደርገው ግን እሱ አይደለም። ጥፋተኛው እዚህም መዳብ ነው። መዳቡ አልጌ እንዳይበቅል ገንዳው ውስጥ ከሚጨመር መድኃኒት ወይም ከቧንቧው ይመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ወደ ገንዳ ከመግባት በፊት ፀጉሩን በንጹሕ ውሃ ማራስና ኮንዲሽነር መቀባት። ውሃ የጠገበ ፀጉር የገንዳውን ውሃ ብዙ አይጠጣም። ኮፍያ ቢጨመርበት የተሻለ ነው፤ ከወጡ በኋላም ሳይደርቅ መታጠብ ይገባል። አረንጓዴ ለሆነ ፀጉር የቲማቲም ድልህ ፍቱን ነው የሚል ምክር ከአገር አገር ሲዞር ይሰማል። ቀዩ አረንጓዴውን ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል፤ መዳቡን ፈልቅቆ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ድልሁን ለወጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለማዕድን የተዘጋጀ ሻምፖ አለ። በእንግሊዝኛ ስሙ «ቼሌቲንግ» ተብሎ ይታወቃል፤ ከጀርባው ከሚዘረዘሩት ውስጥ ኢዲቲኤ የሚል ይገኛል። ኢዲቲኤ ብረትና መዳብን አንቆ ይዞ ከውሃው ጋር ይወስዳቸዋል። በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ አንዴ ይበቃል፤ ደረቅ ስለሚያደርግ ወዲያው ትሪትመንት ይከተለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ከሚቀጥለው ብሊች በፊት ባሉት ቀናት ነው። ፀጉር ውስጥ የተቀመጠ መዳብ ፔሮክሳይድ ሲያገኘው ሥራውን ከቁጥጥር ያወጣዋል፤ ፕሮቲኑን የሚበሉ ኃይለኛ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። «ባለፈው ያው ቀለም፣ ያው ፀጉር ሠሪ፣ ዘንድሮ ለምን ተበጣጠሰ?» ለሚል ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው። በሻወር አፍ ላይ የሚገጠሙት ማጣሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚቀንሱት ክሎሪንን ነው። ካልሲየምን ከውሃ ማውጣት የሌላ ዓይነት መሣሪያ ሥራ ነው፤ ሻጩ ይህን ባይነግርም።

ወይን ጠጅ ሻምፖ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። አሠራሩ እናቶች ነጭ ልብስ ሲያጥቡ እንዳይወይብ ብለው በመጨረሻው ውሃ ላይ ሰማያዊ ጠብ እንደሚያደርጉት ነው። ቢጫና ወይን ጠጅ በቀለም ክበብ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሻምፖው ቢጫውን አያወጣም፣ ፀጉሩንም አያነጣም፤ ዓይን ቢጫውን እንዳያይ ያደርጋል። ስለዚህ የሚሠራው ቀድሞ እስከ ፈዛዛ ቢጫ በነጣ ፀጉር ላይ ብቻ ነው። ኦሬንጅ ላይ የቆመ ፀጉር በወይን ጠጅ ሻምፖ ቢታጠብ ቢታጠብ ያው ኦሬንጅ ነው፤ የኦሬንጅ ተቃራኒ ሰማያዊ ነውና። ይህ ለእኛ አገር ፀጉር በጣም ይጠቅማል። ጥቁር ፀጉር በአንድ ብሊች አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ካራሜልና መዳብ መሳይ ቀለም ላይ ስለሆነ፣ ከፀጉር ቤቱ ወጥታ ወይን ጠጁን ሻምፖ የምትገዛ ሴት ገንዘቧን በውሃ ታጥበዋለች። የሚያስፈልጋት ሰማያዊው ነበር።

አጠቃቀሙም ላይ ስህተቱ ብዙ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሰዎች ፀጉራቸው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ቀለሙ እየተደራረበ ብርሃን ይውጣል። የተጎዳው ጫፍ ከሥሩ ይልቅ ስለሚመጥ ቀድሞ ሐምራዊ ይሆናል። «ፀጉሬ ጨለመብኝ» ብላ የበለጠ ወይን ጠጅ የምትጨምር ሴት ነገሩን ታባብሳለች። በተለመደ ሻምፖ አንድ ሁለት ጊዜ መታጠብ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ቶነሩ ገና ትኩስ በሆነበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህ ሻምፖ ምንም ሥራ የለውም። ቢጫው ብቅ ሲል ነው ሰዓቱ።

ስለ ሌላው ሻምፖ አጠር ያለ ነገር እንበል። «ሰልፌት የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ጠርሙሱን ያስወድደዋል። ለስላሳ ሻምፖ ለደረቀ ፀጉር መልካም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ቀለምን ውሃ ብቻውን እንኳ ያጥባል። ከሻምፖው ዓይነት ይልቅ የመታጠቡ ብዛትና የውሃው ሙቀት ይወስናሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሻምፖው ራስ ቅል ላይ ብቻ፤ ጫፉ በሚወርደው አረፋ ይጸዳል። የገላ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይሁን። ጠንካራ ሳሙና የፒኤች (pH) መጠኑ ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ ቅርፊቱን ያሳብጠዋል፤ ደህና ሻምፖ 5.5 አካባቢ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ቅርፊት ይዘጋል የሚባለውም ተጋኗል። ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው አሲድነት ያለው ኮንዲሽነር ነው። የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ ሙል ይይዛል፣ የኮንዲሽነሩ ሞለኪውሎች ደግሞ አዎንታዊ ናቸው፤ በመሆኑም ይበልጥ የሚጣበቁት ይበልጥ በተጎዳው ቦታ ነው። ከታጠቡ በኋላ ኮንዲሽነር ሳይቀቡ መውጣት ለብሊች ፀጉር የማይታሰብ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማበጠሪያው ሰፊ ጥርስ ያለው፣ አበጣጠሩ ከጫፍ ወደ ሥር፣ ያውም ኮንዲሽነሩ ሳይለቀቅ። እርጥብ ብሊች ፀጉር ደካማ ነው፤ በፎጣ አይፈተግም።

ከዚያ እሳቱ ይመጣል። ፎን፣ ካስክ፣ ፒያስትራ። ሰዎች ፀጉራቸው መሃል ላይ ተቆርጦ ሲያዩ ብሊቹን ያማርራሉ፤ የጨረሰው ግን ብዙ ጊዜ ፒያስትራው ነው። ብዙ ፒያስትራዎች እስከ 230 ዲግሪ ይሞቃሉ። ብሊች ለሆነ ፀጉር 180 ዲግሪ የላይኛው ጣሪያ ተብሎ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ ለቀጭን ፀጉር ከዚያም ይቀንሳል። ቁጥር የሌለው፣ ከሁለት መብራት በቀር ምንም የማያሳይ ርካሽ ፒያስትራ ምን ያህል እንደጋለ የሚያውቅ ስለሌለ ወርቃማ ፀጉር አጠገብ ባይደርስ ይመረጣል። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ሲያርፍ የሚሰማው «ጭስ» የሚል ድምፅ በዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ መፍላቱ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፀጉሩ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ዘለላው ተቦርቡሯል፣ እዚያው ቦታ ላይም ይሰበራል። ሙቀት ፀጉሩን መስበሩ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ያወይበዋል። አዲስ ቶነር ላይ 220 ዲግሪ ያሳለፈ ሰው የከፈለበትን ቀለም በአንድ ጠዋት ሊያጣ ይችላል።

የቬኒስ ሴቶች ፈልገው ይቀመጡበት የነበረው ፀሐይ ዛሬ ለወርቃማ ፀጉር ጠላት መሆኑ ትንሽ ያስገርማል። እነሱ የሚፈልጉት መንጣቱን ነበር፤ አስቀድሞ የነጣ ፀጉር ግን ሜላኒኑ ስለሌለ ጨረሩን የሚቀበልለት የለውም። አልትራቫዮሌት ቢ ፕሮቲኑን ይጎዳል፣ አልትራቫዮሌት ኤ ቀለሙን ይለውጣል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቅም እንጂ፣ በጥቅምት ሰማይ ሥር ከቦሌ እስከ ፒያሳ በእግሯ የምትመላለስ ባለ ወርቃማ ፀጉር ሴት ከዱባይ የባሕር ዳርቻ ጎብኚ ባልተናነሰ መጠንቀቅ አለባት። መፍትሔው ደግሞ ከማንኛውም የፀሐይ መከላከያ ስፕሬይ በፊት አገር ቤት ነበር፤ ሻሽ ወይም ነጠላ።

ቅባት ላይ የአገራችን ሴቶች ከማንም የማይተናነስ ልምድ አላቸው። ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ራስን ሸፍኖ ማደር የቆየ ነገር ነው። ለብሊች ፀጉር ግን አንድ ችግር አለበት። ቅቤውን ለማስለቀቅ በሙቅ ውሃና በሻምፖ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ይላል፤ ያ ትጥበት ቶነሩንም ይዞ ይሄዳል። ቅቤ መቀባት የምትወድ ሴት ቶነር ልታሳድስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ብታደርገው ምንም አይጎድልባትም። ስለ ኮኮናት ዘይት የሚታወቅ ነገር አለ። በ2003 የወጣ የሬሌና የሞሂሌ ጥናት የኮኮናት ዘይትን ከማዕድን ዘይትና ከሱፍ ዘይት ጋር አወዳድሮ፣ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን የቀነሰው ኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ በውስጡ የሚበዛው ሎሪክ አሲድ ትንሽና ቀጥ ያለ ሞለኪውል በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መዝለቅ መቻሉ ነው። ሌሎቹ ከላይ ይቀራሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ያብረቀርቃሉ፣ ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመታጠብ ጥቂት ሰዓት በፊት ጫፉን በኮኮናት፣ ከታጠቡ በኋላ በሌላ ቀላል ዘይት።

በ2010ሮቹ አጋማሽ «የተበጠሰውን ትስስር እንጠግናለን» የሚሉ ምርቶች ገበያውን ያዙት። በ2014 የወጣው ኦላፕሌክስ ፈር ቀዳጁ ሲሆን፣ ከጀርባው ያሉት የካሊፎርኒያ ኬሚስቶች ክሬግ ሆከርና ኤሪክ ፕሬስሊ ናቸው። ፀጉር ሠሪዎች በብሊቹ ውስጥ ሲጨምሩት የሚሰበረው ፀጉር እንደሚቀንስ ይመሰክራሉ። ማስታወቂያው የሚያወራው ያህል ግን ነገሩ ተአምር አይደለም። ምርቱ የነካውን ፀጉር ያጠነክራል፤ የተቃጠለ ጫፍን እንደ አዲስ አያበቅልም። ለእሱ መድኃኒቱ መቀስ ነው። በየሁለት ሦስት ወሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር መቁረጥ የምትሰስት ሴት በዓመቱ መጨረሻ ከዚያ የሚበልጠውን ሳትፈልግ ታጣዋለች።

መቼ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሴቶችን ያስጨንቃል። ፀጉር በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በትንሹ ይበልጥ ያድጋል። ሙሉ ብሊች ያደረገች ሴት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስትቆይ ሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ብዙ ካለፈ አንድ ችግር ይከተላል። ለራስ ቅል የቀረበው ፀጉር የሰውነት ሙቀት ስለሚያገኘው ቶሎ ይነጣል፤ ከዚያ ራቅ ያለው ይዘገያል፤ መሃል ላይ ወርቃማም ጥቁርም ያልሆነ ቀበቶ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን ብሊቹ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ነው። ባለፈው የነጣው ላይ ከተደረበ የሚሰበረው በዚያ መስመር ነው። ደንበኛዋም ፀጉር ሠሪዋን «ሥሩን ብቻ» ብትላት ነውር የለበትም፤ ጫፉ ከወየበ ቶነር ይበቃዋል። ይህን ሁሉ የማይፈልጉ ደግሞ ሃይላይት ወይም ባላያጅ ይመርጣሉ። ሥሩ የራሱን ቀለም እንደያዘ ስለሚቀር ሦስት አራት ወር መቆየት ይቻላል። ጊዜና ገንዘብ ለምትቆጥብ፣ ፀጉሯም ለሳሳባት ሴት የሚሻለው ይኸኛው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ወርቃማ ፀጉር የአውሮፓ ብቻ ነው የሚል ሰው ስለ ሰለሞን ደሴቶች አልሰማም፤ እዚያ ቆዳቸው ጥቁር ከሆነው ነዋሪዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ሲወለዱ ጀምሮ ወርቃማ ናቸው። በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ምክንያቱ ቲዋይአርፒ1 በሚባል ዘረ መል ላይ የደረሰ፣ ከአውሮፓውያኑ የተለየ ለውጥ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሐበሻ ወርቃማ ብትሆን የማንንም ነገር አልወሰደችም። ጥንቃቄዋ ግን ከስዊድናዊቷ ይበልጣል። ጥቅልል ፀጉር በየመታጠፊያው ላይ ደካማ ነው፤ ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝም እስከ ጫፍ አይወርድለትም። ከጥቁር እስከ ፈዛዛ ቢጫ ያለው መንገድም ረጅም ነው። በአንድ ቀን ልጨርስልሽ የምትል ፀጉር ሠሪ ፀጉሩን ልትጨርሰው ትችላለች። በየመሃሉ ሳምንታት እየተውን በሁለትና በሦስት ዙር መሄድ፣ በመሃል ያለውን ካራሜል ቀለም ደግሞ በደስታ መልበስ ይቻላል፤ ለእኛ መልክ እንዲያውም ያ ቀለም ብዙ ጊዜ ያምራል።

ብሊች በሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉርን አጥብቆ ሹሩባ መሠራት ወይም ስፌት ማሰፋት የፊት መስመሩን ይነቅላል። ሹሩባው ላላ ብሎ፣ ጎንጉኑ ወፈር ብሎ ይሁን። ብሊች ላይ ፔርም መደረብ ደግሞ ከእነ ጭራሹ ባይሞከር ይሻላል፤ ሁለቱም የሚበጥሱት ያንኑ የሰልፈር ትስስር ነው። ከዚህ ቀደም ሂና የተቀባች ሴት ለፀጉር ሠሪዋ ሳትነግራት ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለባትም። ንጹሕ ሂና ቅጠል ነው፤ ገበያ ላይ «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ግን የብረታ ብረት ጨው ወይም ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ጨው ያለበት ፀጉር ፔሮክሳይድ ሲነካው ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል፤ ፒፒዲ ደግሞ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። የረባ ፀጉር ቤት ሁለቱንም የሚለይበት መንገድ አለው። ከጥቂት ዘለላ ላይ ቆርጦ በድብልቁ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከጆሮ ጀርባም ትንሽ ቀለም ነክቶ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ይህን ሲጠየቅ የሚስቅ ፀጉር ቤት ካለ ከወንበሩ ተነስቶ መሄድ ነው።